ሒሳብ

እሑድ፣ ረፋድ አራት ሰዓት፣ ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ፣
ከታክሲ ተራው ጀርባ፣ ከካፌዋ በረንዳ ላይ፣
አንድ እግሯ ያጠረች ጠረጴዛ አለች፣ ካርቶን የተንተራሰች፣
እኔና ልጄን አሥራ አራት ዓመት ያስታረቀች፣ ያጎረሰች።

ሁሌ ቀድሜ ነው የምደርሰው፤ የፀሐይዋን አካሄድ አይቼ፣
ጥላ የሚያርፍበትን ወንበር ለሷ ትቼ።
ጋዜጣ አልገዛም እንደ ድሮው፤ ሰው እቆጥራለሁ፤
ሠላሳ ዓመት ባንክ ቤት ነው፤ ካልቆጠርኩ መቼ እኖራለሁ?

ከቅዳሴ የተመለሱ፣ ነጠላ ትከሻቸው ላይ የጣሉ፣
ሌሊቱ ያላለቀላቸው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው «ውሃ፣ ውሃ» የሚሉ፤
ጋሽ ወልደሰንበት፣ ስኳር ያለባቸው፣ ስፕሪስ አዘው ሎሚ አስጨምቀው፣
«ለሐኪሜ እንዳትነግሪ» ይሏታል ወይንሸትን፣ በረንዳውን ሁሉ አስቀው።
እሷ ግን አትሰማም፤ ከማሽኑ እንፋሎት ጋር ትጮኻለች፦
«አንድ ስፔሻል ፉል! ቃሪያው ይብዛ!» — ደግሞ ወደ ውስጥ ትሮጣለች።

ልጄ መጣች። ሳምራዊት።
ፀጉሯን ተቆርጣዋለች፤ አንገቷ የእናቷን ሆኗል፤
ልናገር ነበር፤ ደግነቱ አፌ በዳቦ ሞልቷል።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ዳኛው እሑድን ሲሰጠኝ
(«ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት» — ወረቀቱ አሁንም አለኝ)
እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ቦምቦሊኖዋን ገምሳ፣
ግማሹን በሶፍት ጠቅልላ፣ «ይሄ ለማሚ ነው፣ ለምሳ»
ብላ ኪሷ ትከተዋለች። እኔ ያንን ስኳር ሳራግፍ...
ሌላ ደብዳቤ አልነበረም፣ ከእኔ ወደ እናቷ የሚያልፍ።

ዛሬ ማኪያቶ አዘዘች፣ «ጠቆር ያለ»።
ስለ ቢሮዋ ታወራለች፣ ስለ ሊፍቱ፣ ስለ አለቃዋ ሳል።
እኔ የፉሉን መሃል እተውላታለሁ፣ እንቁላል ያለበትን ቦታ፤
እሷም ትመልሰዋለች ወደ እኔ፣ በዳቦ ጫፍ ገፍታ።
እንቁላሉ ሲመላለስ ቀዘቀዘ፤ ዝንብ ወረሰው፤
የእኛ ዘር እንዲህ ነው፤ በመግደርደር ጦሙን የሚያድር ሰው።

ከዚያ ወይንሸትን በዓይኔ ጠቀስኳት።
ብሩን ከቤት ቆጥሬ፣ አጥፌ፣ በደረት ኪሴ ነው የማመጣው።
ፉል በየወሩ ሲወደድ፣ በመጀመሪያ ሲጋራዬን ትቼ፣
ሲጋራው አልበቃ ሲል ታክሲውን በእግሬ ተክቼ፣
ይህችን እሑድ ግን ለማንም አላስነካኋትም።

ወይንሸት መጣች፤ ወረቀት አልያዘች፤ ፈገግ አለች፤
«ተከፍሏል፣ ጋሼ። እጄን ልታጠብ ብላ በቴሌብር ከፈለች።»

«በሞቴ!» አልኩ። «በእኔ ሞት!» አለች። «መልሺላት!» ብዬ ጮኽኩኝ።
ጋሽ ወልደሰንበት ከጎን፣ «መርቃት እንጂ!» ብለው ገሠጹኝ።
ብሩን ከሳህኑ ሥር ሸጎጥኩ፤ እሷ አውጥታ ወደ ኪሴ፤
እኔ ወደ ቦርሳዋ። «አባዬ፣ ተው። ደሞዜ ነው። የራሴ።»

የራሷ።
ማን ያውቃል? ሌላ ማስረጃ የለኝም ለአባትነቴ።
ትኩሳቷን አልዳበስኩም፤ አንድም ሌሊት አልታመመች በቤቴ።
ደብተሯን አልሸፈንኩም፤ ለወላጅ ስብሰባ አልተጠራሁ፤
በዚህች የፉል ሒሳብ ነበር «አባቷ ነኝ» ስል የኖርኩት፣ የኮራሁ።

«እደጊ» አልኳት መጨረሻ ላይ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሳቀች።
እኔም ሳቅሁ። ማኪያቶዋን እስከ አረፋው ጨልጣ ወጣች።

ታክሲው ሊሞላ ሲል ቀደምኳት፤ ረዳቱን በመስኮት ከፈልኩት፤
«የዚያችን ልጅ ነው፤ መልሱን ለራሷ ስጣት» አልኩት።
በመስታወቱ ውስጥ ጣቷን ቀሰረችብኝ፤ ከንፈሯ «ቆይ!» ይላል፤
ታክሲው ቁልቁል ሄደ። እኔ ዳገቱን... ዳገቱስ የራሴ ሆኗል።

ግማሽ መንገድ ላይ ቆምኩ። የደረት ኪሴ ከበደኝ፤ አወጣሁት፤
ከታክሲዋ ሒሳብ በቀር ልክ ነው። ደግሜ ቆጠርኩት።
ሠላሳ ዓመት መዝገብ ይዤ፣ ገቢና ወጪ ለይቼ፣
ይህንን የተረፈ ብር የምጽፍበትን ዓምድ አጣሁት።